ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ኮረብታ

ያን ኮረብታ የማያውቅ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። በደብተር ሽፋን ላይ አለ፣ በክብሪት ቀፎ ላይ አለ፣ በቴምብር ላይ አለ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ጊዜው ካለፈበት የቀን መቁጠሪያ ጎን ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ቡናማ ኮረብታ፣ ከበላዩ ሊዘንብ የደረሰ ሰማይ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ አንዲት ቀጭን የብርሃን ስንጥቅ። ስሙ «ዝናብ ሳይመጣ» ነው። ሰዉ «አገሬ» ሲል ዓይኑ ላይ የሚመጣበት እሱ ነው እንጂ በመስኮቱ የሚያየው አይደለም።

ይህን ያመጡት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። ከእነሱ በፊት ሠዓሊ ነኝ የሚለው ሁሉ ከውጭ የመጣ ካርድ እያየ በረዶ ይስል ነበር። በረዶ ነክቶ የማያውቅ ሰው በረዶ ሲስል ምን እንደሚወጣው ማየት የፈለገ ዱቄት የተደፋበት ወለል ይመልከት። ሁለቱ ሸራቸውን ተሸክመው ከከተማ ወጡና የሚረግጡትን አፈር ሳሉት። መጀመሪያ ተሳቀባቸው። «ይሄማ የገዛ ጭቃችን ነው፤ ለጭቃ ደግሞ ክፈፍ?» ተባለ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ሰዉም አገሩን በየቀኑ እየረገጠው አላየውም ኖሯል፣ በሸራ ላይ ሲያገኘው ናፈቀው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሠዓሊ ሁሉ ቢያምንም ባያምንም የሁለቱ ልጅ ነው።

አንዱን ሰማይ ላይ የሚችለው የለም ብለው «ደመና» አሉት። ሌላውን ምድር ላይ የሚስተካከለው የለም ብለው «ኮረብታ» አሉት። እናቶቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ሰው አሁን ቢፈለግ አይገኝም። «ዝናብ ሳይመጣ» የኮረብታ ሥራ ነው፤ ፊርማው የሱ ነው፣ በትምህርት ቤት የሚነገረውም እንዲያ ነው። ኮረብታ ባለፈው ክረምት አረፈ። ደመና አለ፤ አርጅቶ፣ ጎብጦ፣ ምላሱ ግን እንደ ድሮው።

ጋሽ ደመና መልክዓ ምድር መሳል ካቆመ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ያ ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየ ዕለት ፊቱ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አልሠራም» አለና ቤቱ ሄዶ ብሩሹን አጠበ። ዳግመኛ ብሩሽ ያነሳው ለሱቅ ነው። «ጎማ እንጠግናለን» የሚለው ሰሌዳ፣ አንገቱ ከትከሻው የሰፋ ጎረምሳ የሚስቅበት የፀጉር ቤት በር፣ ከፈረስ የሚበልጠው የሥጋ ቤቱ በሬ፣ ሁሉም የሱ እጅ ናቸው። ጓደኛውንም ሸሸው። ምቀኝነት ነው ወይ? ነው እንጂ፣ ምን ይደበቃል! ግን የሚያፍር ምቀኝነት ነበር። ኮረብታ መጥቶ በር ሲያንኳኳ ሴት ልጁን «የለም በይው» ይላታል። ኮረብታም ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን የጓደኛውን ጫማ አየት አድርጎ «ሲመጣ ሰላም በይልኝ» ብሎ ይመለሳል።

እንግዲህ ሙዚየሙ የሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ለማሳየት ሽር ጉድ ሲል ጋሽ ደመና ተጠራ። የጠራችው ያረጁ ሥዕሎችን የምትጠግነው ባለሙያ ናት። ነጭ ጋዋን ስለምትለብስና ሥዕል ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ በጥጥ ስለምታብስ ጋሽ ደመና ገና እንዳያት «ሐኪሟ» ብሏት ነበር፤ ስሙም ጸናባት።

ክፍሏ ቀለም የሚቀጥንበት የተርፔንቲን ሽታ አለው። ጥጥ በብልቃጥ፣ ቀጫጭን ብሩሽ በብርጭቆ፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት። «ዝናብ ሳይመጣ» ከክፈፉ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተንጋሏል።

«በሽተኛው እንዴት አደረ?» አለ ጋሽ ደመና፣ ወንበር እየሳበ። ሥዕሉን ላለማየት መስኮት መስኮቱን ያያል፤ የዘመናት ልማዱ ነው።

«ደህና ነው ጋሼ። ራጅ አንስተነው ነበር።»

«ሳንባው ነው?»

ሐኪሟ ሳቀችና ከጀርባው በሚበራ ሳጥን ላይ ጥቁር ፊልም ሰካች። «ራጅ ከሁሉ በላይ ነጩን ቀለም ነው የሚያወጣው። ከላይ ያለውን ዘልቆ ከሥር የተቀባውን ነጭ ያሳየናል። እስቲ ይቺን ይዩልኝ።»

ጋሽ ደመና መነጽሩን አጠለቀ። በፊልሙ መካከል፣ የብርሃኗ ስንጥቅ ካለችበት ቦታ ላይ፣ አንድ የአውራ ጣት አሻራ ነበር። መስመሮቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። ከላይ ወደ ታች ደግሞ አንድ ጭረት ለሁለት ከፍሏቸዋል።

«ከሁሉም ሥር ያለ ነው» አለች ሐኪሟ። «ሸራው ላይ ሌላ ቀለም ሳይነካ ያረፈ ነው። የጋሽ ኮረብታ ጣት መስሎን ለባለቤታቸው አሳየናቸው። ‹የባሌ አውራ ጣት ጠባሳ የለውም፤ ከኔ በላይ ማን ያውቃል› አሉን። እኛም ግራ ገባን።»

ጋሽ ደመና የቀኝ አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶች መሀል ቀበረ። ወጣት ሳለ ሸራ ሲቆርጥ ምላጩ ስቶ የሰነጠቀው ጣት ነው።

«ሌላስ? የኮረብታውን ጀርባ ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር የሄደ ወፍራም ነጭ መስመር የለም?»

«የለም።»

«ደህና አድርገሽ እይ፣ ልጄ።»

«ደጋግሜ አይቻለሁ ጋሼ። መስመር የሚባል የለም። ጣት ብቻ ነው።» ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው፤ «የእርስዎ ነው?»

«አላውቅም» አለ። ሐኪሟ የደበቃት መሰላት። የእውነቱን ነበር።

ወደ ቤት ሲሄድ ሁለት ጊዜ መንገድ ሳተ። ተወልዶ ባደገበት ሰፈር! ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ያ አንገተ ሰፊ ጎረምሳ ሲስቅበት አየና «አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?» አለው። ባለ ፀጉር ቤቱ ለሱ የተነገረ መስሎት ይቅርታ ጠየቀ።

ነገሩ የተምታታበት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ የአሠራር ደንብ ነበራቸው። ሁለት መቆሚያ ጎን ለጎን ይተክላሉ። ከአንድ ጥቅል የተቆረጡ፣ በልክ እኩል የሆኑ ሁለት ሸራዎች ይሰቅላሉ። ቀለማቸው አንድ ሰሌዳ ላይ ነው። እስከ ቀትር ሁለቱም የየራሳቸውን ይጀምራሉ፤ ዝርዝር የለም፣ የምድሩንና የሰማዩን መደብ ለቅለቅ ማድረግ ብቻ። ቀትር ላይ ዳቧቸውን ይበሉና ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱ የጓደኛውን ሸራ ይጨርሳል። ሰው የራሱን ጅምር ይወዳል፣ የወደደውን ደግሞ ለማረም እጁ አይጨክንም ይሉ ነበር። ማታ ሥዕሉ ወደ ጀማሪው ይመለሳል፣ የሚፈርምበትም ጀማሪው ነው። አጥንቱን ያቆመው እሱ ነዋ!

አጀማመራቸው ግን ለየቅል ነበር። ኮረብታ ሁልጊዜ የተራራውን ጀርባ በወፍራም ነጭ መስመር ይነድፋል። ደመና ደግሞ አውራ ጣቱን ነጭ ቀለም ውስጥ ይነክርና ዓይን እንዲያርፍበት በፈለገው ቦታ ላይ አንዴ ይጫነዋል። ሌላው ሁሉ ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ ይዘረጋል። «ዝናብ ሳይመጣ» ኮረብታ የጀመረው ከሆነ ከሥሩ መስመር ሊኖረው፣ ጣት ደግሞ ሊያጣ ይገባል። የሆነው ግን ግልባጩ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምተናል፤ የአብዬ ወርቅ ሲላከክ ግን ማን አይቶ ያውቃል?

ጋሽ ደመና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያን ቀን አሰበው። ጠዋቱ ብራ ነበር። ቀትር ላይ ከመቆሚያዎቹ ፈንጠር ብለው ዳቧቸውን ሲገምጡ ነፋሱ ድንገት መጣና ሁለቱንም መቆሚያ ገለበጠ። ሸራዎቹ እየተንከባለሉ ቁልቁል ወረዱ። «ያዘው! ያዘው!» እያሉ ሮጡ፤ ኮረብታ አንዱን ያዘ፣ ደመና ሌላውን ያዘ። ሰማዩ እየጠቆረ ነበርና እየተጣደፉ መቆሚያዎቹን አቁመው ሸራ ሰቀሉ፣ እንደ ደንባቸውም ቦታ ተለዋወጡ። ሁለቱም ሸራ ላይ ያው ቡናማ ምድር፣ ያው የሰማይ መደብ ነው፤ መስመሩም ጣቱም ከሥሩ ተሸፍኗል። ዝናቡ ሳይደርስ ያቺን ብርሃን ለመያዝ እንደ እብድ ሠሩ። ያን ከሰዓት ደመና በሕይወቱ እንደዚያ ሠርቶ አያውቅም፤ እጁ ራሱ የሚያውቀውን ነበር የሚያደርገው። ያኔ «የኮረብታ አጥንት ነው እጄን የሚመራኝ» ብሎ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስትለቅም ደግሞ የማንን እንደምትለቅም አላየችም።

«በስመ አብ!» አለ ጋሽ ደመና ጮክ ብሎ። ሸራዎቹ ሲሰቀሉ ተለዋውጠው ከነበረ፣ ከዚያ እነሱ ቦታ ሲለዋወጡ እያንዳንዱ ተመልሶ የራሱን ጅምር ነው የጨረሰው። ያን ሥዕል ጠዋት የጀመረው እሱ ነው፣ ከሰዓት የጨረሰውም እሱ ነው፣ ማታ በገዛ እጁ «እንካ፣ ያንተ ነው» ብሎ ለጓደኛው የሰጠውም እሱ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የቀናው በራሱ ላይ ነው። ብሩሹን የጣለው፣ ወዳጁን ከደጁ የመለሰው፣ በገዛ እጁ ሥራ ቀንቶ ነው።

ወይስ አይደለም? ምናልባት ያን ቀን ኮረብታ መስመሩን ሳያሰምር ቀርቶ ይሆናል። ምናልባት እሱ ራሱ ለቀልድ የጓደኛውን ሸራ በጣቱ ነክቶት ይሆናል። እንዲሆን የፈለገው የትኛውን እንደሆነ እንኳ ማወቅ አቃተው። ሥዕሉ የሱ ከሆነ ዕድሜው የሞኝ ዕድሜ ነው፤ የሱ ካልሆነ ደግሞ ሽንፈቱ እንዳለ ነው። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል፤ እሱ ግን የቱ አረፋ እንደሆነ አልለይ አለው።

አንድ መፍቻ ነበረው። የዚያን ቀን የሱ ድርሻ ሆኖ ወደ ቤቱ የገባው ሁለተኛው ሸራ አለ።

ልጁ ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት በአፏ መርፌ እንደያዘች ቁም ሳጥን ሲገፋ ደረሰችበት። «አባዬ! ወገብህን ልትቆርጠው ነው? ምን ፈልገህ ነው?»

«ያን ሥዕል።»

መርፌውን ከአፏ አወጣች። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የቆመ ሸራ እንዳለ ታውቃለች። ሕፃን ሳለች ልታየው ብላ ተቆጥቷታል። «ምን ያደርጋል፣ የማይረባ ነው» ነበር ያላት። ስሙን እንኳ ሊጽፍበት የተጸየፈው ሥራው ነው። አሁንም ሳይገልጠው ባልጋ ልብስ ጠቀለለውና በልጁ ትከሻ ወደ ሙዚየሙ ይዞት ሄደ።

«ራጅ አንሺልኝ» አላት ሐኪሟን። «ግን አይገለጥ። ሰው እንኳ ልብሱን ሳያወልቅ ይነሳል አይደል?»

ሐኪሟ የሽማግሌ ነገር ብላ አልተከራከረችም። ሸራውን ከነአልጋ ልብሱ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ጋሽ ደመናና ልጁ ከ«ዝናብ ሳይመጣ» ጋር ቀሩ። አሁን ግድግዳው ላይ አቁመውታል።

ፊልሙን ይዛ ተመለሰችና ሳጥኑ ላይ ሰካችው። የኮረብታው ጀርባ ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ነጭ መስመር ተነድፏል። ጣት የሚባል የለም። ያን መስመር ጋሽ ደመና በሕልሙም ያውቀዋል፤ ጓደኛው ሲያሰምረው ትንፋሹን ይይዝ ነበር።

«እና ጋሼ» አለች ሐኪሟ፣ ጓንቷን እያወለቀች፣ «‹ዝናብ ሳይመጣ›ን...»

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

ዞሮም ሥዕሉን አየው። በስንት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሳይሰብር አየው። ደስታ ጠበቀ፤ ደስታው አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። ግራ በኩል ያለው ደመና ከብዷል። እንዴት እስከ ዛሬ አላየውም? የኮረብታው እግርም ተቸኩሎበታል፤ ቡናማው ሞቷል።

«ያ ደመና ትንሽ ከብዷል» አለ። «ቀጭን ብሩሽ ታውሺኛለሽ?»

«ጋሼ!» ሐኪሟ በሥዕሉና በሽማግሌው መሀል ገብታ ቆመች። «ይሄ የአገር ቅርስ ነው!»

«ቅርስ ከመሆኑ በፊት ግን ስህተት ነበረው።»

በዚህ መሀል የኮረብታ ሚስት ገባች። ሐኪሟ ጠርታት ነበር። ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም፤ ምርኩዟን ከበሩ አስደግፋ ደመናን አየችውና ከንፈሯን መጠጠች። በሩን በመዝጋቱ ከተቀየመችው ቆይታለች፤ ለቅሶ ላይም ከሩቅ ነበር የተያዩት። ጋሽ ደመና ቆሞ፣ ፊልሞቹን እያሳየ፣ እየተደነቃቀፈ ነገራት፤ ነፋሱን፣ ሸራዎቹን፣ ጣቱን። ባልሽ ሌባ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም፣ ነፋስ ነው የሌባው አለቃ አላት።

እሷ ግን አልደነገጠችም። «እሱም ያንተ ነው ይል ነበር» አለች።

«ምን አልሽ እቴ?»

«‹ጠዋት ጭቃ ለቅልቄ ሰጠሁት፣ ማታ ይሄን አድርጎ መለሰልኝ፤ እኔ ብጀምረውም ነፍስ የዘራበት እሱ ነው› ይል ነበር። ለጋዜጠኞች ሳይቀር ነገራቸው። ‹አቤት ትሕትናው!› ብለው ጻፉለት።» መሀረቧን ከእጅጌዋ አወጣች። «አንተ ጋ የሚመላለሰውስ ለምን መሰለህ? በአንድ ላይ እንፈርምበት ሊልህ ነበር። ጫማህን አይቶ ይመለሳል። ‹ተቀይሞኛል፣ ስሙን ወሰድኩበት› እያለ ነው የሞተው።»

ጋሽ ደመና ወንበር ፈለገ፤ ልጁ ሳበችለት። ኮረብታ የጨረሰው ደመና ነው ብሎ ሲሰግድ፣ ደመና የጀመረው ኮረብታ ነው ብሎ ሲሰግድ ኖረዋል። ደጃፍ ላይ ያለ አንድ ጫማ ነው የለያቸው። አለቀሰ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ሰው ወዴት እንደሚያይ ስለማያውቅ ሁሉም ወለሉን አየ።

ሐኪሟም ሥራ መያዝ ስለፈለገች ይመስላል፣ ሁለተኛውን ሸራ ከውስጥ አምጥታ አልጋ ልብሱን ገለጠችና ከ«ዝናብ ሳይመጣ» ጎን አስደገፈችው።

ያው ኮረብታ ነበር፣ ያው ቀን። ሰማዩ ጠበብ ብሎ ከላይ ቀርቷል። ምድሩ ግን ሸራውን ሞልቶታል፤ ከባድ፣ ዝም ያለ፣ ዝናቡን እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ደፋ ያደረገ። አፈሩ ሊሸት ምንም አልቀረው። ጋሽ ደመና ዕንባውን ጠረገና ተጠጋ። የማይረባ ያለው ይሄን ነው? እንዴት ያምራል! ይሄን የመሰለ ምድር ከጓደኛው በቀር ማን ይስላል? ዓይኑን አመነ፣ መልሶ ደግሞ ተጠራጠረው። ሥዕሉ ያው ነው፤ አንዲት ጠብታ ቀለም አልተጨመረበትም።

የኮረብታ ሚስት መስመር አላስፈለጋት፣ ራጅ አላስፈለጋት። ገና ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የኔ ሰውዬ!» አለች። «የሱ ነው። እንደዚህ ነበር ምድር የሚያየው።» ጎንበስ ብላ ጠርዙን ዳሰሰችው። ጠርዙ በግድግዳ ርጥበት ሻግቷል፣ በፊቱ ላይ ደግሞ የግድግዳው ነጭ ኖራ ተጣብቆበታል። «የት ነበር ይሄ?»

«እኔ ቤት። ከቁም ሳጥን ጀርባ።»

«ይሄን የመሰለ ነገር? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረህ?» ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ቁጣም ነበረው፣ ልመናም። «ምን አድርጎህ ነው?»

ጋሽ ደመና አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ያዘ።

«የኔ መስሎኝ ነው» አላት።